በሲሙሌሽን «ኤጀንት» ማለት ደላላ አይደለም

ጅማ ላይ ኤጀንት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ደላላ ነው። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ግን የራሱ ሁኔታና ደንብ ያለው ምናባዊ ሰው ማለት ነው። 400 ቡና አምራቾችን 20 በ20 ሰሌዳ ላይ እናስቀምጥ፤ ደንቡም «ከ8 ጎረቤቶቼ ቢያንስ 3ቱ እሸት (ትኩስ ቀይ ፍሬ) ከሸጡ እኔም እሸት፣ ካልሆነ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና)» ይሁን። የሰሌዳው ተቃራኒ ዳሮች እንደተያያዙ ካልተቆጠሩ ጠርዝ ላይ ያሉት 8 ጎረቤት አይሞላላቸውም፤ ይህ በቀላሉ ይዘነጋል።

ዋናው ችግር ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከወሰኑ፣ በዚህኛው ዙር እሸት ያለው በቀጣዩ ጀንፈል እያለ ማለቂያ የሌለው መገላበጥ ሊመጣ ይችላል። ገበሬ በእንዲህ ያለ ፉጨት አይወስንም! በየተራ ይወስኑ፤ ተራውም በየዙሩ በዕጣ ይለወጥ። የዕጣውን መነሻ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ዕጣ ማውጣት የሚጀምርበትን) እየቀየራችሁ 30 ጊዜ ያህል አስኪዱት፣ ከዚያ 3ቱን በ4 ተኩና ድገሙት። ውጤቱ በጣም ከተለወጠ፣ ያ «3» ከመስክ መጠይቅ የመጣ እንጂ ከግምት የመጣ መሆን የለበትም።