ለጓሮ ዒላማ የሚሆን የአየር ሽጉጥ አመራረጥ (ጅማ ላይ ላለ ሰው)

የአየር ሽጉጥ ማለት ባሩድ የሌለው፣ ትንሽዬ የእርሳስ ጥይት በታመቀ አየር ወይም በጋዝ ገፍቶ የሚያስወጣ ሽጉጥ ነው። ስለ ክላሽና ስለ ምንሽር በአማርኛ የተጻፈ አይጠፋም፣ ስለዚህኛው ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተቀመጠ ነገር ስላጣሁ ነው ይሄን የጻፍኩት። እጄ ላይ ያሉት የሽጉጦቹ ማንዋሎችና የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ ስለሆኑ አሠራሩና ውድድሩ ላይ ረዘም ብዬ እሄዳለሁ፣ ታሪኩ ላይ አልቆይም።

የጅማ ጓሮ ለዚህ ስፖርት ይመቻል፣ ይሄን አምኜ ነው የምናገረው። ግቢው ሰፋ ያለ ነው፣ ቡናው፣ እንሰቱና አቮካዶው ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስም ብዙ አያስቸግርም። 10 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታና ጀርባው ላይ የአፈር ግርግዳ ካለ ሜዳው አለቀ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሕጉ

ምርጫ ውስጥ ሳይገባ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ፈቃድ ነው። በሀገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። "ባሩድ የለውም እኮ፣ መጫወቻ ነው" ብሎ አዋጁን ራስ መተርጎም አያዋጣም፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ በግልጽ መጠየቅ ነው፣ የሚሰጡትን መልስ ደሞ በጽሑፍ መያዝ። ከውጭ ዘመድ ሊልክ ካሰበም ጉምሩክን ቀድሞ ማናገር ይገባል፣ ሻንጣ ውስጥ ሸጉጦ መምጣት የሚባል ነገር አይሞከር። ሌላው ደሞ ብዙዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ከእውነተኛ ሽጉጥ አይለዩም፤ ከግቢ ውጪ ይዞ መውጣት፣ መንገድ ላይ ማሳየት፣ ባጃጅ ውስጥ ይዞ መቀመጥ ሰው ያስደነግጣል፣ በዚህ ጊዜ ደሞ ነፍስም ሊያሳጣ ይችላል። ጎረቤትን ቀድሞ ማናገር የግድ ነው፣ ቡና ጠርቶ ማሳየት ከሁሉም ይሻላል።

ወፍና ጉሬዛ ላይ መተኮስ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅ አለ፣ ከዛም በላይ ጅማን ጅማ ያደረጋት አረንጓዴውና በውስጡ ያለው ነፍስ ነው።

ስምና ታሪክ

ሀገራችን የገባ መሣሪያ አብዛኛው የኛን ስም አግኝቷል፦ ስናይደር ሰናድር ሆነ፣ አልቢኒ አልቤን ተባለ፣ የፈረንሳዩ ፊዩዚ ግራ ውጅግራ ሆኖ ቀረ፣ ለቤል ደሞ ለበን። ምንሽርን ከማንሊኸር የሚያመጡት አሉ፣ እኔም ወደዛ አደላለሁ። የአየር ሽጉጥ ግን እስካሁን "የአየር" ወይም "የንፋስ" ከመባል አላለፈም። መሣሪያው ራሱ አዲስ አይደለም፣ የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1780 አካባቢ ጂራርዶኒ የሚባል የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር።

በምን ኃይል ነው የሚሠራው

ዋናው ምርጫ እዚህ ላይ ነው። ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "ኃይሉ ስንት ነው" ብለው ነው፣ ትክክለኛው ጥያቄ ግን "ጅማ ላይ ሆኜ በምን ልሞላው ነው" የሚለው ነው።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ካፕሱል የሚሠሩት እጅ ላይ ደስ ይላሉ፣ መልካቸውም የእውነተኛውን ይመስላል። እያንዳንዱ ካፕሱል 12 ግራም ጋዝ ይይዛል፣ እንደ ሽጉጡ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ጥይት ያስተኩሳል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ካፕሱሉን ጅማ ሱቅ ውስጥ አይቼ አላውቅም፣ በአውሮፕላን ማምጣትም የአየር መንገዶች ገደብ አለበት፣ ስለዚህ ያለው ሲያልቅ ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፦ የጋዙ ግፊት 10 ዲግሪ ላይ 45 ባር አካባቢ ነው፣ 20 ዲግሪ ላይ 57፣ 30 ዲግሪ ላይ 72 ይደርሳል። ጅማ ደሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ቀትር ላይ ጃኬት ያስወልቃል፣ ስለዚህ ጠዋት ያስተካከላችሁት ማነጣጠሪያ ከሰዓት ላይ ሌላ ቦታ ይመታል። በላይ በላዩ በፍጥነት ከተተኮሰም ጋዙ ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይወርዳል።

ሁለተኛው በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራው ነው። የጀርመኑ ቫይራውኽ ኤችደብሊው 45 የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምንም ነገር መግዛት አይፈልግም፣ ይሳባል፣ ይተኮሳል። ግን ሞላው ሲለቀቅ ውስጥ ያለው ፒስተን እየተወረወረ ሽጉጡን የሚያንቀጠቅጠው ጥይቱ አፈሙዙን ሳይለቅ ነው፣ ስለዚህ አያያዛችሁ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ጥይቱም ይለወጣል። ለጀማሪ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ጥፋቱ የእጁ ይሁን የሽጉጡ መለየት ያቅተዋል። ያለ ጥይት መተኮስም ፒስተኑን ይጎዳዋል።

ሦስተኛው ደጋግሞ የሚነፋ ነው። የአሜሪካኑ ክሮስማን 1377 ከ3 እስከ 10 ጊዜ ይነፋል፣ ብዙ ሲነፋ ኃይሉ ይጨምራል። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ጎበዝ ባለሙያ በቀላሉ ሊጠግነው ይችላል። ለ10 ሜትር ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል፣ ቁጥሩ ግን ሁሌ አንድ መሆን አለበት። 60 ጥይት ለመተኮስ ግን 200 ጊዜ አካባቢ መንፋት ነውና ክንድ ይደክማል፣ የደከመ ክንድ ደሞ ይንቀጠቀጣል።

አራተኛው በአንድ ጊዜ ንፋት የሚሠራው ነው፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ አልደብቅም። የሽጉጡን የመንፊያ ክንድ አንድ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ነው፣ ሁሌ ያው መጠን ያለው አየር ይታመቃል፣ ስለዚህ ጥይቱ ሁሌ በተቀራረበ ፍጥነት ይወጣል። ሲተኮስ የሚነቃነቅ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ከርካሹ ወገን ቫይራውኽ ኤችደብሊው 40 አለ፣ ከፍ ሲል በሩሲያ ኢዥየቭስክ የተሠራው ባይካል 46 ኤም አለ፣ ይሄኛው የውድድር ሽጉጥ ነው፣ ያገለገለ ከተገኘ አይታለፍም። ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ120 እስከ 150 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለወረቀት ከበቂ በላይ። ልብ መባል ያለበት ከተነፋ በኋላ ሳይተኮስ ብዙ መቆየት የለበትም፣ ጎሚኒው ይጎዳል፣ ለሕፃን እጅም መክፈቻው ይከብዳል።

አምስተኛው በ200 ባር የተሞላ ሲሊንደር ያለው ነው፣ የዛሬ የኦሊምፒክ ተኳሾች የሚይዙት እሱን ነው፦ የኦስትሪያው ስታየር፣ የስዊዙ ሞሪኒ፣ የጣሊያኑ ፓርዲኒ። "ጎሚስታ ጋር አስሞላዋለሁ" የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ አይሆንም። የጎማ ኮምፕረሰር ከ10 ባር ብዙም አይርቅም፣ 200 ባር ለብቻው የተሠራ የእጅ ፓምፕ ወይም የጠላቂዎች ዓይነት ሲሊንደር ይፈልጋል። ፓምፑ አብሮ ካልመጣ ሽጉጡን ማምጣት ትርፉ ድካም ነው።

የጅማ ከፍታ

ይሄን ማንዋሎቹ አይጽፉትም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን 80 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በሞላ ወይም በአንድ ንፋት የሚሠራ ሽጉጥ ከአካባቢው የሚሰበስበው አየር ስለዚህ ያነሰ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት እዚህ ባያመጣ ተበላሸ ማለት አይደለም። ጉዳቱስ ካላችሁ፣ በሰከንድ 150 ሜትር የሚሄድ ጥይት 10 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ አካባቢ ይወርዳል፣ 130 ሜትር የሚሄደው ወደ 3 ሴንቲ። ልዩነቱ አንድ ሴንቲ አይሞላም፣ የኋላውን ማነጣጠሪያ ብሎን ትንሽ ማዞር ይበቃል። ለዚህም ነው ማነጣጠሪያው የማይስተካከል ሽጉጥ አትግዙ የምለው።

ውድድሩና ዒላማው

የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ነው፣ ወንዶቹም ሴቶቹም በአንድ ዓመት። የድብልቅ ቡድኑ ደሞ ከቶኪዮ ጀምሮ ተጨምሯል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ የጥይቱ ስፋት 4.5 ሚሊሜትር፣ ሽጉጡ ከ1,500 ግራም የማይበልጥ፣ ቃታው ሳይለቅ ቢያንስ 500 ግራም መሸከም የሚችል፣ የሚተኮሰው ቆሞ በአንድ እጅ ብቻ፣ ክንድ ምንም ነገር ላይ ሳይደገፍ፣ የእጅ አንጓም ነጻ ሆኖ። በማጣሪያው 60 ጥይት በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ውስጥ ይተኮሳል፣ በወረቀት ዒላማ ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ያ ሁላችንም ስልክ ላይ ፎቶው የዞረው ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬች ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ብር ያገኘው በዚሁ በድብልቅ ነው። ብዙ ሰው የገረመው አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የዓይን መነጽሩን ብቻ አድርጎ መተኮሱ ነበር፣ እጅን ኪስ መክተት ግን በተኳሾች ዘንድ የተለመደ ነው፣ ነጻው ክንድ እንዳይወዛወዝና ሰውነት እንዳይናወጥ ነው። ያኔ የ51 ዓመት ሰው እንደነበር ሳስብ ይሄ ስፖርት ዕድሜ እንደማይመርጥ ይታየኛል፣ ጡረታ የወጡ አባቶቻችንም ሊጀምሩት የሚችሉት ነው።

የዒላማው ወረቀት 170 በ170 ሚሊሜትር ነው፣ ኤ4 ላይ ልክ ይገባል። የ10 ነጥቡ ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ብቻ ነው፣ ጥቁሩ በጠቅላላ 59.5 ሚሊ። ዒላማው መሐሉ ከመሬት 1 ሜትር ከ40 ላይ ይሰቀላል። ግቢያችሁ 10 ሜትር ከሌለው ችግር የለም፦ 7 ሜትር ከሆነ ወረቀቱን ፎቶኮፒ ቤት ወደ 70 በመቶ አሳንሱልኝ ማለት ነው፣ የ10 ነጥቡ 8 ሚሊ ይሆናል፣ ለዓይን ከ10 ሜትሩ ጋር እኩል ነው። ሲነጣጠር የፊቱን ማነጣጠሪያ ነው ጥርት አድርጎ ማየት፣ ጥቁሩ ክብ ይደብዝዝ፤ ብዙዎቹ ተኳሾች ከጥቁሩ መሐል ሳይሆን ከሥሩ ትንሽ ነጭ ትተው ነው የሚይዙት።

እጀታና ቃታ

ቃታው ሲሳብ መጀመሪያ ቀለል ብሎ ሄዶ ግድግዳ የነካ ያህል ቆም የሚል፣ ከዛ ሳያንገዳግድ የሚለቅ መሆን አለበት። ቃታው ከባድ ከሆነ አፈሙዙን ወደ ጎን ይጎትተዋል፣ ይሄን የትኛውም ኃይል አያካክሰውም።

እጀታው ላይ ጅማ ማንም የሌለው ዕድል አላት። የውድድር ሽጉጥ እጀታ እንጨት ነው፣ ለባለቤቱ መዳፍ ተብሎ ይጠረባል። ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠርቦ የሚያወጣ የጅማ ባለሙያ ዋንዛ ይዞ መዳፍህን አይቶ የሚሠራልህን እጀታ ፋብሪካ አይሠራውም። የኔን አንድ ሽማግሌ አናጢ ነው የሠሩልኝ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ጭቃ ጨብጬ አሻራዬን እያዩ። ከዛ በኋላ ጥይቶቼ ተሰበሰቡ።

ጥይትና መያዣው

ለወረቀት አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ የእርሳስ ጥይት ነው የሚመረጠው፣ ክብ ቀዳዳ ስለሚቆርጥ ነጥብ ለመቁጠር አያጨቃጭቅም። ክብደቱ ግማሽ ግራም አካባቢ ነው። አንዳንድ የአየር ሽጉጥ በእርሳስ ፈንታ የሚተኩሳቸውን የብረት ኳሶች ለጓሮ አልመክርም። አንድ ቀን ራሴ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተኩሼ ተመልሶ ጉንጬን መታኝ፣ አንድ ሁለት ጣት ከፍ ቢል ዓይኔ ነበር። ከዛን ቀን ወዲህ ተኳሹም አጠገቡ የቆመውም መነጽር ሳያደርግ አይተኮስም።

ከዒላማው ኋላ ያለው የጥይት መያዣ ወፍራም የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቡትቶ ወይም አሸዋ የሞላበት ጆንያ ቢሆን ይበቃል፣ አሮጌ የቡና ጆንያ ሁለት ደርቦ መጠቀም ይቻላል። ቆርቆሮ አጥርና ድንጋይ ላይ ፈጽሞ አይተኮስም። ጥይቱ ከሳተ ከ100 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚህ ከመያዣው ጀርባ ያለው ነገር መታወቅ አለበት፦ የጎረቤት በር፣ የመጸዳጃ ቤት መንገድ፣ ልጆች የሚያልፉበት ቀዳዳ። ሳይተኮስ ጣት ከቃታ ውጪ ነው፣ ወረቀት ሊቀየር ሲኬድ ሽጉጡ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

እርሳስ መርዝ ነው። ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም፣ ጥይት በአፍ አይያዝም፣ ያገለገለውም መሬት ላይ ተበትኖ ጎመን መደቡ ውስጥ እንዳይገባ ከሳጥኑ ተለቅሞ ይቀመጣል።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ እርጥበቱም ቤት ውስጥ ይገባል። ሽጉጡ ላይ በጨርቅ ስስ ዘይት ከላይ ማስነካት ጥሩ ነው፣ ለጎሚኒዎቹ ግን የሲሊኮን ዘይት ነው የሚሆነው። የስፕሪንግ ሽጉጥ ሲሊንደር ውስጥ የሞተር ዘይት ከገባ አየሩ ሲታመቅ ግሎ ዘይቱን ያቃጥለዋል፣ ጎሚኒውን ይበላዋል። ጥይቱም በቆርቆሮው ተከድኖ ደረቅ ቦታ ካልተቀመጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱ የታየበት ጥይት አይተኮስም፣ በባዶ እጅም አይነካም።