የወታደራዊ ሞዴልና ዲዮራማ ሥራ፦ ጣርማበር በጠረጴዛ ላይ

ወታደራዊ ሞዴል ታንክን፣ መድፍንና ወታደርን በተወሰነ መስፈርት አሳንሶ ሠርቶ የመቀባት ሙያ ነው። ሞዴሉ ከነመሬቱና ከነሰዎቹ አንድ ትዕይንት ሆኖ ሲቀርብ ዲዮራማ ይባላል። ለታንክ በብዛት የተለመደው መስፈርት 1፡35 ሲሆን፣ 175 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር ታስቦበት የተመረጠ አይደለም፤ የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያወጣው የፓንተር ታንክ ሞዴል ሞተርና ባትሪ እንዲይዝ ሲባል የተገኘ መጠን ነው።

ለሰሜን ሸዋ ዲዮራማ ከጣርማበር የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ይገሰግስ የነበረው የጣሊያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ባለ መኪና ጦር፣ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ የተራራ በር (መተላለፊያ) ላይ ለመቆም ተገዷል። ጣሊያኖች በዚያ ጦርነት ያሰለፏት ሲቪ-33 ታንክ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ርዝመቷም ከ3 ሜትር እምብዛም የማይዘል ነበረች፤ በ1፡35 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። አስቸጋሪው ገደሉ ነው። 10 ሜትር ገደል በዚሁ መስፈርት ከ28 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ወደ 1፡72 መውረድ ብልህነት ነው። ዛሬ መኪና የሚያልፍበትን ዋሻ በዚህ ትዕይንት ውስጥ ማስገባት ግን አይገባም፤ የተቆፈረው ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ነው።

ታንኩ ተገጣጣሚ ሆኖ ከካርቶን ይወጣል፤ የጣርማበርን መሬት ግን ማንም አሽጎ አይሸጥም። ፎም በቢላዋ ተቀርጾ ጀሶ ይለበጣል። ጀሶው ሳይደርቅ የተጨማደደ የአልሙኒየም ወረቀት ሲጫንበት የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ይመስላል። ከዚያ ጥቁር ግራጫ ይቀባል፤ ሲደርቅ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊያልቅ በተቃረበ ብሩሽ ነጣ ያለ ግራጫ ጠርዙን ብቻ ዳሰስ ይደረጋል። የበልጉ ጭቃ የተነፋ አፈር፣ ኮላና ቡናማ ቀለም ነው፤ በታንኩ ሰንሰለት ላይም መታየት አለበት። ለጎጆ የሣር ክዳን የጓሳ ሣር ያምራል፣ ለዚህ መጠን ግን ይወፍራል፤ የጤፍ ጭድ ይሻላል።

አርበኞችን ለመሥራት ከሌላ ሞዴል የተወሰደ አካል በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ጋቢው ደግሞ ኮላ የጠጣ ስስ ወረቀት ነው። ጋቢው በሙሉ ንጹሕ ነጭ ከተቀባ እጥፋቱ ይጠፋል። መጀመሪያ ግራጫ የቀላቀለ ቡናማ ተቀብቶ፣ ነጩ ብርሃን በሚያርፍበት ጉብታ ላይ ብቻ ቢደረግ ይመረጣል።