ፕሮግራም ተጭኖ ሲያበቃ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ

አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተጭኖ እንዳለቀ፣ ተጠቃሚው ሌላ ቦታ ሄዶ ሳይፈልገው መስኮቱ ወዲያው እንዲከፈት ማድረግ በዊንዶውስ ላይ የቆየ ልማድ ነው። በመጫኛው የመጨረሻ ገጽ፣ «ፊኒሽ» ከሚለው ቁልፍ ከፍ ብሎ፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ትንሽ ሳጥን ሆኖ ይታያል። አብዛኛው ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። ዋናው ጉዳይ ግን ፕሮግራሙ መከፈቱ ሳይሆን በማን ስምና በማን ሥልጣን እንደሚከፈት ነው።

በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም ያለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እንውሰድ። ኮምፒውተሩ ሁለት አካውንት አለው፦ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው የባለቤቱ፣ ማመልከቻና ውል ስትተይብ የምትውለው ጸሐፊ ደግሞ የምትሠራበት ተራ አካውንት። ጸሐፊዋ አዲስ የአማርኛ መጻፊያ ልትጭን መጫኛውን ስትከፍት ዊንዶውስ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ያስገባል። ጭነቱ አልቆ ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ መጫኛውን ያዘጋጀው ባለሙያ ካላሰበበት፣ የሚከፈተው በባለቤቱ ስም ነው። የፊደል ገበታው ይመረጣል፣ የፊደሉ መጠን ይስተካከላል፣ ሁሉም ያማረ ይመስላል። በማግስቱ ጸሐፊዋ ስትከፍተው ያ ሁሉ ምርጫ የለም፤ የተቀመጠው በባለቤቱ አካውንት ውስጥ ነውና። «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል» ይባላል፣ እንደገና ይጫናል፣ ያው ይደገማል።

በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በአስተዳዳሪነት ስለሚሠራ ይህ ልዩነት አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ተራውን ሥራና የአስተዳዳሪውን ሥራ በፈቃድ መጠየቂያ መስኮት ለየ። ከዚያ ወዲህ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ መጫኛ የሚያስነሳው ፕሮግራም ያንኑ ሥልጣን ይወርሳል። ውጤቱ አደገኛም አሰልቺም ነው፦ ከፎልደር ጎትቶ ፋይል መጣል አይሠራም፤ ተጠቃሚው ያገናኛቸው የኔትወርክ ድራይቮች ላይታዩ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙ የደህንነት ቀዳዳ ካለበት ደግሞ ጉዳቱ መላውን ኮምፒውተር ይደርሳል።

መፍትሔው መጫኛው እንደተዘጋጀበት መሣሪያ ይለያያል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ያለው ኢኖ ሴታፕ የተባለው መጫኛ መሥሪያ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ «ፖስትኢንስቶል» የሚል ምልክት የተሰጠውን ትእዛዝ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ መጫኛውን መጀመሪያ በከፈተው ተጠቃሚ ስም ያስፈጽማል። መጫኛው ከመነሻው «በአስተዳዳሪነት ክፈት» ተብሎ ከተነሳ ግን ይህ ጥንቃቄ ዋጋ የለውም። ኤምኤስአይ በሚባሉት የማይክሮሶፍት የመጫኛ ፋይሎች ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ትእዛዝ በመጨረሻው ገጽ ቁልፍ ላይ መታሰር አለበት። ዊንዶውስ ራሱ በሚሠራበት የሥርዓቱ አካውንት በሚፈጸመው የጭነት ሂደት ውስጥ ከተቀበረ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ነገር ግን ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ ነው፤ ተጠቃሚው ባዶ ስክሪን ይዞ ይቀመጣል። ይህን ስሕተት ያህል ባለሙያን የሚያደክም ጥቂት ነው።

በድምፅ አልባ ጭነት፣ ማለትም ተጠቃሚውን ምንም ሳይጠይቅ በሚካሄድ ጭነት ጊዜ፣ ፕሮግራሙን መክፈት ጨርሶ አይገባም። በባሕር ዳር የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ በአንድ ትእዛዝ በሁሉም ማሽኖች ላይ ሲጭን፣ በየስክሪኑ የእንኳን ደህና መጡ መስኮት እንዲወጣ አይፈልግም። ኢኖ ሴታፕ ለዚህ «ስኪፕኢፍሳይለንት» የሚባል ምልክት አለው።

ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት ይደረግበት ወይስ አይደረግበት የሚለው ያከራክራል። በእኔ ግምት ምልክቱ ቢኖር ክፋት የለውም፤ ማጥፋት የማይቻል መሆኑ ነው ነውሩ። በራሱ የሚከፈት ነገርን የሚጠራጠር ሰው ምክንያት አለው። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይዞ የሚነሳው አውቶራን ብዙ ጽሑፍ አስበልቷል፤ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ለፍላሽ ዘጋው፣ ለኤክስፒና ለቪስታም እ.ኤ.አ. በ2011 በማሻሻያ አስከተለ።

በሊኑክስ ጥቅሎች የጭነት ማብቂያ ትእዛዞች በዋናው አስተዳዳሪ ስም ስለሚሠሩ ባለ መስኮት ፕሮግራም ከዚያ ማስነሳት አልተለመደም። በማክ ብዙው ፕሮግራም ወደ አፕሊኬሽን ፎልደር ተጎትቶ የሚገባ በመሆኑ ጥያቄው ራሱ እምብዛም አይነሳም።

ፕሮግራሙ በማን ስም እንደተከፈተ ለማወቅ የዊንዶውስን ታስክ ማኔጀር ከፍቶ በዝርዝር ገጹ ላይ የተጠቃሚ ስምና ከፍ ያለ ሥልጣን የሚያሳዩትን ዓምዶች ማውጣት ይበቃል። ሙከራው ግን በተራ አካውንት መደረግ አለበት፤ ባለሙያው በራሱ የአስተዳዳሪ አካውንት ብቻ ከሞከረው የጸሐፊዋን ችግር ሊያየው አይችልም።