ሞናርክ ቢራቢሮን ቤት ውስጥ ማሳደግና አባጨጓሬውን የሚገጥሙት ችግሮች

በአሜሪካና በካናዳ ሰመር ሲገባ ብዙ ቤተሰቦችና ትምህርት ቤቶች የሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ በመረብ ሳጥን ያሳድጋሉ። ልጆች ለውጡን ከእንቁላል ጀምሮ በዓይናቸው ያዩታል፤ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ዳሩ ግን መንገድ ላይ የሚቀሩት አባጨጓሬዎች ጥቂት አይደሉም። ዱር ውስጥም ቢሆን ከመቶ እንቁላል ለቢራቢሮነት የሚበቃው ከዐሥር በታች እንደሆነ ይገመታል።

የሞናርክ አባጨጓሬ የሚበላው ሚልክዊድ የሚባለውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል ብቻ ነው። ሰላጣ ወይም ጎመን ቢሰጡት አያድግም። በአገራችን የሚገኘው የሞናርክ የአፍሪካ ዘመድም እንደ ጦቢያው ያሉ ወተታም ተክሎችን ይመገባል።

እንቁላሉ በ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል። አባጨጓሬው ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ዕረፍት ይበላል፤ ቆዳውንም እየቀየረ 5 ደረጃዎችን ያልፋል። ከዚያ ቁልቁል ተንጠልጥሎ አረንጓዴ ልባስ ይለብሳል። ከ8 እስከ 15 ቀን በኋላ ቢራቢሮው ይወጣል።

ጀማሪ የሚደነግጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ናቸው። አንደኛው፣ አባጨጓሬው መብላት አቁሞ አንድ ቀን ያህል ድርቅ ብሎ መቆየቱ ነው። ቆዳ ሊቀይር ስለሆነ አይነካ። በዚህ ሰዓት ከያዘበት ቦታ ከተላቀቀ ቆዳው ሳይወልቅ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው የልባሱ መጥቆር ነው። ብርቱካናማው ክንፍ በውስጡ ከታየ ቢራቢሮው ሊወጣ ተቃርቧል። ክንፍ ሳይታይ ደፍኖ ከጠቆረ ግን ሞቷል ማለት ነው።

ከበሽታዎቹ ሁሉ ብዙ የሚወራለት በአጭሩ ኦኢ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በ1960ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። የታመመች እናት በዓይን የማይታየውን፣ ዱቄት የመሰለውን የተሕዋሱን ዘር በእንቁላሎቿና በቅጠሉ ላይ ታራግፋለች። የተፈለፈለው ሕፃን አባጨጓሬ ያንን ይበላል፤ ከዚያ ተሕዋሱ ውስጡ ይባዛል። ክፋቱ፣ አባጨጓሬው ጤነኛ መስሎ ማደጉ ነው። ጉዱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። በሽታው ከበረታ ቢራቢሮው ከልባሱ መውጣት ያቅተዋል፤ ቢወጣም ክንፉ ተጨማዶ ይቀራል። መድኃኒት የለውም። ለማረጋገጥ ስኮች ፕላስተር በቢራቢሮው ሆድ ላይ በስሱ ለጠፍ አድርጎ ካነሱ በኋላ ፕላስተሩን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል።

ሌላው ጠላት አባጨጓሬው ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ ናት። ትሎቿ ውስጡን በልተው በነጭ ክር ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። እንቁላሉን ገና ከቅጠሉ ላይ ለቅሞ መረብ ውስጥ ማስገባት ከዚህ ያድናል። አባጨጓሬው ጠቁሮ፣ ልፍስፍስ ብሎ፣ ፈሳሽ ካወጣ ደግሞ የባክቴሪያ ወይም የቫይረስ በሽታ ነው፤ ቶሎ ከሌሎቹ ይለይ። አረንጓዴ የሚያስታውኩና የሚንቀጠቀጡ ከሆነ መጀመሪያ ፀረ ተባይ ይጠርጠር። ከችግኝ መሸጫ የተገዛ ሚልክዊድ ቀድሞ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ለውሻና ለድመት የሚቀባ የቁንጫ መድኃኒት የነካ እጅም አባጨጓሬ ሊገድል ይችላል።

እንደኔ እምነት ትልቁ ችግር ማጨናነቅ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ አባጨጓሬ ሲታጎር ኩሱ ይከመራል፣ እርጥበት ይታፈናል፣ የአንዱ በሽታ የሁሉም ይሆናል። ጥቂት ብቻ ይያዙ። ኩሱ በየቀኑ ይጠረግ፤ ሳጥኑም ነፋስ ያግኝ። አንዱ ዙር ሲያልቅ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

በብዛት ማሳደግን ብዙ የጥበቃ ባለሙያዎች አይደግፉም። በመጸው የሚወጡት ቢራቢሮዎች ወደ ሜክሲኮ ተራሮች እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራሉ። በ2019 የወጣ ጥናት ቤት ውስጥ ያደጉት ወደ ደቡብ አቅጣጫ መያዝ እንዳቃታቸው አሳየ። በ2021 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ ከተለቀቁ በኋላ አብዛኞቹ አቅጣጫቸውን እንደሚያገኙ አመለከተ። ክርክሩ አላለቀም። በካሊፎርኒያ ግን ያለ ፈቃድ ከዱር ወስዶ ማሳደግ ክልክል ነው።

ለሞናርክ ዘር ይበልጥ የሚጠቅመው የአካባቢውን ተወላጅ ሚልክዊድ ግቢ ውስጥ መትከል ነው። የሐሩር ሚልክዊድ በፍሎሪዳና በቴክሳስ ሙቀት ቀዝቃዛውን ወቅትም (ዊንተርን) ለምልሞ ስለሚቆይ የኦኢ ዱቄት ይጠራቀምበታል። ይህን የተከለ ሰው በመጸው ከሥሩ ትንሽ አስቀርቶ ይቁረጠው።