«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ እውነት አይከሰስም?

አባባሉ የገበሬ ነው። በሬ ጠምዶ ሰማይ ያረሰ የለም፤ ንጉሥን ዳኛ ፊት ያቆመም የለም። ደግሞስ ማን ዘንድ ይከሰሳል? የመጨረሻው ዳኛ ራሱ ንጉሡ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱን ክብር የማይደፈር አድርጎ ነገሩን በጽሑፍ አጸናው። ዛሬ አባባሉ ለማንኛውም ትልቅ ባለሥልጣን ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ በምሬት።

የዓለም አቀፍ ሕግ ይህን አባባል ግማሹን ይቀበለዋል። በሥልጣን ላይ ያለ ርዕሰ ብሔር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ወይም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሌላ አገር ፍርድ ቤት በወንጀል አይከሰስም፣ አይታሰርም። ቤልጂየም በ2000 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) በኮንጎው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በአብዱላዬ የሮዲያ ላይ የእስር ማዘዣ አውጥታ ነበር። ኮንጎ ሄግ ለሚገኘው የዓለም ፍርድ ቤት አቤት አለች። በ2002 ተፈረደላት፤ ቤልጂየምም ማዘዣውን እንድትሰርዝ ታዘዘች። ሚኒስትር በየሄደበት የሚታሰር ከሆነ አገር ከአገር በማን በኩል ይነጋገራል ነው ነገሩ።

ታዲያ ያለመከሰስ መብቱ የወንበሩ ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። ከወንበሩ ሲወርድ በግሉ ለፈጸመው ይጠየቃል፤ በመንግሥት ስም ለሠራው ግን ከለላው አብሮት ይቆያል። ሰው ማሰቃየትስ የመንግሥት ሥራ ነው? ዋናው ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው። የቺሊው ፒኖቼ በ1998 ለንደን ላይ ሲያዙ የቀድሞ መሪ ነኝ ብለው ተከራከሩ። የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በ1999 በማሰቃየት ወንጀል ይህ አያድንዎትም አሏቸው። ሆኖም በጤና ምክንያት ተብሎ በ2000 አገራቸው ገቡ።

ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አንቀጽ 27 ደግሞ አባባሉን ጭራሽ ይገለብጠዋል፦ በዚህ ፍርድ ቤት ፊት ሥልጣን ከለላ አይሆንም። ችግሩ ፍርድ ቤቱ የራሱ ፖሊስ የለውም። ያዥው አገር ነው፤ አገር ደግሞ ይሉኝታም ጥቅምም አለው። የሱዳኑ ኦማር አልበሽር በ2009 ማዘዣ ወጥቶባቸው በ2015 ለስብሰባ ጆሃንስበርግ ሄዱ። የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ከአገር እንዳይወጡ አዝዞ እያለ ሰውየው በአውሮፕላን ውልቅ አሉ። በ2019 ከሥልጣን ሲወርዱ የፈረደባቸው የገዛ አገራቸው ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም በሙስና።