«ቢሊንጉ የቢሮው ሥራ ነው» እና ሌሎች ነርስ ፕራክቲሽነሮችን የሚጎዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በሜሪላንድ፣ በዲሲና በቨርጂኒያ ማታ እየሠሩ ቀን እየተማሩ ነርስ ፕራክቲሽነር የሆኑ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ትምህርቱ በሽታ መመርመርና መድኃኒት ማዘዝ ያስተምራል። የሥራ ውል ማንበብ ግን ማን ያስተምራል? እኔም የመጀመሪያውን በደስታ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

«ቢሊንግ የቢሮው ሥራ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም»

በጣም ይመለከታችኋል። ቢሊንግ ማለት ለታካሚው ሕክምና ከኢንሹራንስ ክፍያ መጠየቅ ነው። ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከ1998 ጀምሮ ነርስ ፕራክቲሽነር የትም ብትሠራ በራሷ ስም እንድታስከፍል ፈቅዷል። የሚከፍላት ግን ለሐኪም ከሚከፍለው 85 በመቶውን ነው። ለሐኪሙ 100 ዶላር ከሆነ ለእሷ 85። ታዲያ አንዳንድ ክሊኒኮች 15ቷን ዶላር ላለማጣት እሷ ያየችውን ታካሚ በሐኪሙ ስም ያስከፍላሉ። አሠራሩ «ኢንሲደንት ቱ» ይባላል። መስፈርቱ ከተሟላ ሕጋዊ ነው። ሕክምናውን የጀመረው ሐኪሙ መሆን አለበት፣ በዚያ ሰዓትም ለቁጥጥር መገኘት አለበት። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይቻልም።

አንድ ቀን አንዲት እናት ለደም ግፊት ቀጠሮ መጡ። ግፊቱን ለክቼ፣ ክኒናቸውን አይቼ ልሸኛቸው ስነሳ በሩን ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ ጉልበቴም ሰሞኑን እምቢ ብሎኛል» አሉኝ። መርምሬ መድኃኒት አዘዝኩ። በቃ፣ ሐኪሙ ያልጀመረው አዲስ ችግር ገባ። የዚያ ቀጠሮ ሒሳብ በእኔ ስም፣ በ85 በመቶ መሄድ አለበት። ኦዲት ሲመጣ የሚነበበው እኔ የጻፍኩት ኖት ነው። እያወቁ ለመንግሥት የሐሰት ሒሳብ ማቅረብ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል፣ ቅጣቱ ሌላ። ስለዚህ በየወሩ ምን በማን ስም እንደተላከ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

«ክሊኒኩ ኢንሹራንስ ገዝቶልኛል፣ አለቀ»

በሕክምና ስህተት ብትከሰሱ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ማለት ነው። ዓይነቱን ጠይቁ። «ክሌምስ ሜድ» የሚባለው የሚሸፍነው ክሱ ሲመጣ ኢንሹራንሱ ካልተቋረጠ ነው። ሥራ ለቃችሁ ከዓመት በኋላ ብትከሰሱ እጃችሁ ባዶ ነው። ለዚያ «ቴይል» የሚባል ማራዘሚያ ያስፈልጋል። የእኔ ውል ላይ «ቴይሉን ሠራተኛው ይከፍላል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ያየኋት ስለቅ ነው።

«ያለ ሐኪም መሥራት አይቻልም»

እንደየስቴቱ ነው። ዲሲ ይቻላል። ሜሪላንድም ከ2015 ወዲህ ይቻላል፣ አዲስ ተመራቂ ግን ለ18 ወር አማካሪ ያስፈልጋታል። ቨርጂኒያ 3 ዓመት መሥራትን ትጠይቃለች። ቴክሳስ ከሐኪም ጋር ስምምነት ግድ ነው።

«ከለቀቃችሁ በኋላ ሌላ ክሊኒክ እንዳትሠሩ የሚከለክለው የውል አንቀጽ ቀርቷል»

እንዲህ ያለውን አንቀጽ የሚከለክል የፌዴራል ደንብ በ2024 ወጥቶ ነበር፣ ግን ፍርድ ቤት ሥራ ላይ ሳይውል አስቁሞታል። አሁንም ወሳኙ የስቴቱ ሕግ ነው።

«በ1099 መቀጠር ይሻላል»

በ1099 ማለት እንደ መደበኛ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር፣ በራስ መሥራት ነው። የሰዓት ክፍያው ስለሚበልጥ ያጓጓል። ግን ቀጣሪ ግማሹን የሚጋራውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ፣ 15.3 በመቶውን፣ ሙሉውን ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። የዓመት ፈቃድ የለም፣ የጤና ኢንሹራንስም የለም። ይህንንና መደበኛ ቅጥሩን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ አስሉት።