«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አባቴን የቀበርን ሳምንት፣ ኮተቤ ካለው ቤታችን ደጃፍ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያላለን ለቀስተኛ አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት አነጋገር ነው። ያን ሳምንት ግን እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እሰማው ጀመር።

ጠቅላላ ትርጉሙ አያስቸግርም። ሥጋ አፈር ይገባል፤ ሰው በሕይወቱ ያተረፈው ዝና ግን አብሮት አይቀበርም። ብዙዎች ከፊቱ «መልካም» ይጨምሩበታል፤ እኔ ባይጨምሩበት እመርጣለሁ። አነጋገሩ ደግና ክፉ አይለይም። ድንበር የገፋ፣ የሙት ልጅ ገንዘብ የበላ ሰውም ስሙ ከመቃብሩ በላይ ነው፤ ልጆቹ በሠፈሩ ባለፉ ቁጥር ይከተላቸዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ለሐዘንተኛ መጽናኛ የሚያደርጉትን ይህንኑ ቃል፣ ለሚጣሉ ወንድማማቾች ሲናገሩት ተግሣጽ ይሆናል።

እኔን የያዘኝ ግን «ይውላል» የሚለው ግሥ ነው። «ይኖራል» ወይም «ይቀራል» ሊባል በቻለ ነበር። መዋል በሕይወት ያለ ሰው ሥራ ነው፤ ገበያ ይውላል፣ እርሻ ይውላል፣ ለቅሶ ይውላል። ስንገናኝ «እንዴት ዋልክ?» የምንባባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ መቃብር ውስጥ ሳለ ስሙ ማለዳ ተነሥቶ ይወጣል፤ ከሰው መካከል ይውላል።

አባቴም መዋያው ውጭ ነበር። እስኪታመም ድረስ ቤት የዋለበት ቅዳሜ ትዝ አይለኝም። ሳይረፍድ ልጆቹን ሰብስቦ ወደ የካ ተራራ ይወጣ ነበር፤ በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በትከሻው ቆሎና ዳቦ የያዘ ከረጢት። ከአንድ አለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አጠገብ ስንደርስ ጥላ ፈልገን እንቀመጣለን። «ተረት ተረት» ይላል፤ «የላም በረት» እንላለን። የአያ ጅቦን ሞኝነት ሲጨርስ የከተማችንን ታሪክ ይቀጥላል፤ በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር፣ የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ መጥቶ አዲስ አበባን ከመፈታት እንዳዳናት። እያንዳንዱን ዛፍ የሚያውቀው ይመስል በምርኩዙ እየነካ ነበር የሚያወራው። በመጨረሻ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይለንና ዳቦውን ራሱ ይቆርስልናል።

የአነጋገሩ ሥር የሚገኘው በስም አወጣጣችን ውስጥ ይመስለኛል። የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት ስም ለልጁ ሁለተኛ፣ ለልጅ ልጁ ሦስተኛ ስም ይሆናል። በትምህርት ቤት፣ በባንክ፣ በሐኪም ቤት ልጁ በተጠራ ቁጥር የሞተው አባት አብሮ ይጠራል። ልጅን «ስም አስጠሪ» የምንለውም በዚህ ነው። ነገር ግን የመታወቂያው ስም ሩቅ አይሄድም። ዘር የሚቆጥሩ አባቶች እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ፤ ወረቀቱ ግን ሦስት ስም ይዞ ያበቃል። የልጅ ልጁ ልጅ መታወቂያ ላይ የአባቴ ስም አይኖርም።

ሌላም ስም አለ። በሰልስት፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመት ካህናቱ ለነፍሱ ሲጸልዩ የሚጠሩት የክርስትና ስሙን ነው። አርባ ዓመት የጎረበቱት ሰዎች እንኳን ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም ነበር። ታዲያ ከሁሉ የትኛው ነው ከመቃብር በላይ የሚውለው?

መልሱን ያገኘሁት በሰልስቱ ቀን ነው። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሁለት ወጣት ሴቶች ጋር ከተራራው ወርደው መጡ። ከየካ እንጨት የሚሸከሙ ናቸው። ማንንም አያውቁም፤ ማንም አያውቃቸውም። ድንኳኑ በር ላይ ቆመው «የባለቆሎው ቤት ይህ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስንወርድ ሸክማቸውን አውርደው የሚያርፉ ሴቶች መንገድ ላይ እናገኝ ነበር። አባቴ ከረጢቱን ይፈታላቸዋል፤ ቆሎውን በእፍኝ በእፍኝ ያድላል፤ የተረፈ ዳቦ ካለ ይሰጣቸዋል። ሲነሡ ሸክሙን ከመሬት አንሥቶ ያሸክማቸዋል። ለእኛ ይህ ከጉዞው ሁሉ ትንሹ ነገር ነበር፤ ቶሎ ቤት እንድንገባ እንነዘንዘው ነበር። ስማቸውን ጠይቋቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ስሙን ጠይቀውት አያውቁም።

«ሦስት ቅዳሜ ጠበቅናቸው። ሲቀሩ ጊዜ ደኅና አይደሉም ብለን ከሠፈር ሠፈር ጠየቅን፤ ኋላ መርዶውን ሰማን» አሉኝ አሮጊቷ። እንደ ወንድማቸው አለቀሱለት። ከጎኔ የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና ያንኑ አነጋገር በቀስታ ደገሙት፤ በዚያ ሳምንት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሙሉ ስሙ ከነአባቱ ተቀርጿል። እኛ ልጆቹ ቅዳሜ ወደ የካ ስንወጣ ቆሎ መያዝ አልተውንም። እንጨት ተሸካሚዎቹ ከሩቅ ሲያዩን «የባለቆሎው ልጆች መጡ» ይባባላሉ፤ ከእነርሱም ግማሾቹ አባቴን አይተውት የማያውቁ ናቸው።